አንድ የባቡር ሐዲድ፣ ሁለት የልጅ ልጆች

ከመሪዎችና ከገዥዎች ሕይወት መካከል ጉዞን ያህል በቤተሰብ ትዝታ የሚያሸበርቅ ክፍል የለም። አባት ወይም አያት ከቤት ሲወጣ ሻንጣው ይታወሳል፤ ሲመለስ ያመጣው ስጦታ ይታወሳል፤ ስለ ሩቅ አገር የተናገረው ቀልድ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል። ይኸ ትዝታ በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ገበያ ላይ በዋለ ጊዜ ግን የቤተሰብ ንብረትነቱ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ማንም ሠራተኛ፣ ማንም የሰፈር ማኅበር አባል መጽሐፉን ከፊቱ አስቀምጦ «ይኸ ጉዞ በማን ትከሻ ላይ ተካሄደ?» ብሎ ለመጠየቅ ሙሉ መብት አለው።

ዛሬ ለዚህ ጥያቄ መነሻ ያደረግነው ዊንስተን ቸርችልን ነው። የሴት ልጁ የዳያና ልጅ የሆነችው ሲሊያ ሳንዲስ በ1999 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) አያትዋ በቦር ጦርነት ጊዜ በደቡብ አፍሪካ ያሳለፈውን ታሪክ፣ በ2003 ደግሞ በዓለም ዙሪያ ያደረጋቸውን ጉዞዎች የሚተርኩ መጻሕፍት አሳትማለች። የአያትዋን ዱካ ተከትላ አገር ለአገር ዞራለች። በኅዳር ወር 1899 የብረት ለበሱ ባቡር ተገልብጦ ቸርችል የተማረከበት ቦታ፣ ታስሮበት የነበረው የፕሪቶርያ ትምህርት ቤት፣ ካመለጠ በኋላ የተደበቀበት የዊትባንክ የከሰል ማዕድን፣ በጭነት ባቡር ውስጥ በሱፍ ጥቅሎች መካከል ተሸሽጎ የገባባት የሎሬንሶ ማርኬስ ከተማ፣ እነዚህ ሁሉ በአድናቂው ዘንድ እንደ ቅዱሳን ቦታዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

የልጅ ልጅ አያትን መውደድዋ አያስነቅፋትም። እንዲያውም የቤተሰብ ዐይን የመንግሥት ሰነድ የማያየውን ያያል። በኅዳር 1943 በቴሄራን ጉባኤ ላይ ቸርችልን ተከትላ የሄደችው ልጁ ሣራ ነበረች። ከጉባኤው በኋላ በካርታጎ በሳምባ ምች ተይዞ በወደቀ ጊዜ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ ልብ ወለድ ታነብለት የነበረችው እርስዋ ናት። በፌብሩዋሪ 1945 በያልታም አብራው ነበረች፤ የሩዝቬልት ልጅ አና፣ በሞስኮ የአሜሪካ አምባሳደር የነበረው የሃሪማን ልጅ ካትሊንም እዚያው ነበሩ። የሦስቱን ሴቶች ልጆች ዐይን የሚከተል የታሪክ መጽሐፍ በ2020 ታትሟል። የዓለምን ካርታ ያስተካክሉ የነበሩት ሰዎች ምን ያህል ደካማና ሕመምተኛ እንደ ነበሩ ከማንም ይልቅ ያወቁት እነዚህ ሴቶች ናቸው። ሩዝቬልት ከያልታ በተመለሰ በሁለት ወሩ ሞተ። ይኸን ዓይነቱን ምስክርነት መናቅ ታሪክን ማጉደል ይሆናል።

ቁም ነገሩ ሌላ ነው። የቤተሰብ ዐይን ከጓዳ ጀምሮ በተጓዡ ላይ ያርፋል፤ ከእርሱም አልፎ አይሄድም። ተጓዡ የተቀመጠበትን ወንበር ያያል፤ ወንበሩን የተሸከመውን ሰው አያይም። ይኸን ለማስረዳት ቸርችል በ1907 በምሥራቅ አፍሪካ ያደረገውን ጉዞ ያህል ግልጥ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ ሰፋ አድርገን እንቆይ።

ቸርችል በዚያ ዘመን የ32 ዓመት ጎልማሳ፣ በብሪታንያ መንግሥት ውስጥ የቅኝ ግዛቶች ምክትል ሚኒስትር ነበር። በመጸው ወራት ከአውሮጳ ተነሥቶ በማልታ፣ በቆጵሮስ፣ በኤደንና በበርበራ በኩል ሞምባሳ ደረሰ። ከዚያ በዩጋንዳ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ናይሮቢና ወደ ቪክቶርያ ሐይቅ አመራ። አብረውት የነበሩት ጸሐፊው ኤዲ ማርሽ፣ የአክስቱ ባል ኮሎኔል ጎርደን ዊልሰንና አሽከሩ ጆርጅ ስክሪቪንግስ ነበሩ። ጉዞው እንግዲህ በከፊል የመንግሥት ሥራ፣ በከፊል የቤተሰብ ሽርሽር፣ በከፊል አደን፣ በከፊል ደግሞ የጋዜጠኝነት ንግድ ነበር፤ ትረካው በመጽሔት ከወጣ በኋላ በ1908 በመጽሐፍ ታትሟልና።

በባቡሩ ላይ ቸርችል የመረጠው መቀመጫ ከሎኮሞቲቩ ፊት ለፊት የተበጀ አግዳሚ ወንበር ነበር። ከዚያ ላይ ሆኖ የሜዳ አህያውን፣ አጋዘኑንና ሰጎኑን እያየ ሄደ። ትረካው ቀልጣፋና ደስ የሚያሰኝ መሆኑን አንክድም፤ ሰውየው መጻፍ ያውቅ ነበር። ነገር ግን ባቡሩ ፊት የተቀመጠ ሰው የሚያየው ከፊቱ ያለውን ነው። ከወንበሩ በታች፣ ከመንኮራኩሩ ሥር ያለውን ሐዲድ ማን አነጠፈው?

ሐዲዱ ከሞምባሳ ተነሥቶ እስከ ኪሱሙ ድረስ 930 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሥራው በ1896 ተጀምሮ በ1901 ሐይቁ ዳር ደረሰ። ለዚህ ሥራ 32,000 ያህል ሠራተኞች በውል ከሕንድ አገር ተጭነው መጡ። ከእነዚህ መካከል 2,500 ያህሉ በወባ፣ በተቅማጥ፣ በቁስልና በአደጋ እዚያው አለቁ። ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ከሁለት ሰው የሚበልጥ ማለት ነው። ስለዚህ ሐዲድ ሲወሳ በመላው ዓለም የሚታወቀው የፃቮ አንበሶች ታሪክ ነው፤ ፊልም ሳይቀር ተሠርቶበታል። አንበሶቹን የገደለው መሐንዲስ መጽሐፍ ጽፎ ስሙ ሲነሣ ይኖራል። በአንበሳ የተበላው ሰው ቁጥር ግን በሽታና የሥራው ክብደት ከፈጁት ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው። አንበሳ መልካም የጨዋታ ርእስ ይሆናል፤ ተቅማጥ አይሆንም።

መሬቱስ የማን ነበር? በ1904 የማሳይ ሕዝብ በስምምነት ስም ከስምጥ ሸለቆው ግጦሹ ተነቅሎ ሐዲዱ ለሚያልፍበት ምድርና ለነጭ ሰፋሪዎች ቦታ እንዲለቅ ተደረገ። የናንዲ ሕዝብ ለዓመታት ሐዲዱን ሲቃወም ከቆየ በኋላ መሪው ኮይታሌል አራፕ ሳሞኤይ በኦክቶበር 1905 ለንግግር በተቀጠረበት ቦታ በአንድ የእንግሊዝ መኮንን እጅ ተገደለ። ቸርችል በዚያው ምድር ላይ በሎኮሞቲቩ ፊት ተቀምጦ ያለፈው ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። የመንገዱ ጸጥታ እንደ ተፈጥሮ ጸጋ የተገኘ አልነበረም።

ከሐይቁ ማዶ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። በዩጋንዳ ቸርችል ገና የ11 ዓመት ልጅ የነበረውን ካባካ ዳውዲ ችዋን ጎበኘ፤ በንጽሕናውና በሥርዐቱ የተደሰተበትን አገርም አሞገሰ። በዚያን ዘመን በሐይቁ ዳርና በደሴቶቹ ላይ የእንቅልፍ በሽታ ወረርሽኝ 200,000 ያህል ሕዝብ ጨርሶ ነበር። ስለ በሽታው ቸርችል በመጽሐፉ ውስጥ ጽፏል፤ ይኸን ማስታወስ ተገቢ ነው። ከጂንጃ ወዲያ ባቡር ስለሌለ ጉዞው በእግር፣ በብስክሌትና በጀልባ ሆነ። በመቶ የሚቆጠሩ ኩሊዎች ድንኳኑን፣ ሣጥኑን፣ ጠመንጃውን፣ ምግቡንና መጠጡን በራሳቸው ላይ ተሸክመው ከፊትና ከኋላ ተሰለፉ። በዚያ አገር የአንድ ተሸካሚ የተለመደ ሸክም 30 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ሸክም ያውቃል ሠራተኛው አንባቢያችን፤ ሠላሳ ኪሎ ለአንድ ሰዓት ምን እንደሆነና ለአሥራ አምስት ቀን ምን እንደሆነ ማብራራት አያስፈልገንም።

ጉዞው በካርቱም ሲያበቃ አሽከሩ ስክሪቪንግስ በድንገት ታሞ ሞተ። ቸርችል በወታደር ሥነ ሥርዐት አስቀበረው፤ ሐዘኑንም ገለጠለት። ስለዚህም ከዚያ ረጅም ሰልፍ ውስጥ ከሠራተኛው ወገን ለአንባቢ የደረሰው ስም የዚህ የአንድ አሽከር ስም ነው። ይኽ ክፋት ነው አንልም። የአሽከሩ ስም የደረሰን በቤት ውስጥ፣ ማለትም በቤተሰቡ ዐይን ሥር ይኖር ስለነበረ ነው። ኩሊዎቹ ከዚያ ዐይን ውጭ ነበሩ። ካርቱምን ካነሣን ዘንድ ቸርችል ከተማዪቱን ሲያይ የመጀመሪያው እንዳልነበረ እናስታውስ። በሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 በኦምዱርማን ሜዳ ላይ በፈረሰኛነት ተዋግቷል። በዚያ አንድ ማለዳ ከመሐዲስቶቹ ወገን ከ10,000 የማያንስ ሰው ሲሞት ከእንግሊዝና ከግብጽ ጦር የሞተው 50 አይሞላም። ይኸም ከ«ጉዞዎች» አንዱ ሆኖ ይቈጠራል።

አንድ ነገር ግን በሚዛን መቀመጥ አለበት። ቸርችል በኦምዱርማን ድል ማግስት የመሐዲው መቃብር መርከሱን በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ አውግዟል፤ በ1902 በወጣው አጭር እትም ግን ይኸ ወቀሳ ተቀንሷል። በ1908 በኬንያ በኪሲ ሕዝብ ላይ ጦር ዘምቶ ብዙ ሰው በተገደለ ጊዜም ከለንደን ሆኖ ጭፍጨፋውን የሚቃወም ቃል ጽፏል። ሰውየው ማየት ይችል ነበር ማለት ነው። ይኸ ጥፋቱን አያቃልልም፤ ያከብደዋል እንጂ። ቅኝ ግዛት በአላዋቂዎች ብቻ የተካሄደ አልነበረም። በቁጥር፣ በሐዲድ ርዝመት፣ በጥጥ ምርትና በፏፏቴ ኃይል አስልቶ የሚያውቅ ሰው፣ አንዳንዴም ልቡ የሚራራ ሰው፣ ሥርዐቱን ግን በጠቅላላው ትክክል ነው ብሎ የያዘ ሰው ያካሄደው ነው። በ1952 በኬንያ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ይኸው ቸርችል ነበር። ዐዋጁ በ1960 እስኪነሣ ድረስ ከ1,000 የሚበልጡ ኬንያውያን በስቅላት ተቀጥተዋል።

የቴሄራኑን ጉባኤ በቤተሰብ ዐይን የሚያይ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው የኅዳር 30 ቀን 1943ን ግብዣ ነው፤ የቸርችል 69ኛ ዓመት የልደት በዓል ነበር። ስታሊንና ሩዝቬልት በማዕድ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ጽዋ ይነሣል፤ ልጁ ሣራ በአዳራሹ አለች። መልካም ትዕይንት ነው። ከግቢው አጥር ውጭ ያለችው ቴሄራን ግን ከኦገስት 1941 ጀምሮ በእንግሊዝና በሶቪየት ጦር የተያዘች አገር ዋና ከተማ ናት፤ ከግብዣው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በዲሴምበር 1942 ሕዝቧ ዳቦ አጥቶ በአደባባይ ሁከት አንሥቷል። ወደ ምሥራቅ ራቅ ብሎ በቤንጋል ደግሞ በዚያው ዓመት ሁለት ሚሊዮን፣ በሌላ ግምት ሦስት ሚሊዮን ሕዝብ በረሃብና ረሃቡን ተከትሎ በመጣ በሽታ አልቋል። ለረሃቡ መነሻ የሆኑት ነገሮች ብዙ ነበሩ፤ በርማ በጃፓን እጅ መውደቋና የሩዝ ንግዷ መቋረጡ፣ የ1942ቱ ዐውሎ ነፋስ፣ የዋጋ ንረት፣ የነጋዴ ክምችት፣ የመንግሥት ጀልባና እህል መንጠቅ። የታሪክ ሊቃውንት ስለ እያንዳንዱ ድርሻ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የማይካደው ግን የሕንድ ገዥዎችና የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሊዮ ኤሜሪ እህልና መርከብ እንዲላክ ደጋግመው ሲለምኑ የቸርችል የጦርነት ካቢኔ የተጠየቀውን ያህል አለመስጠቱ ነው። ሲሊያ ሳንዲስ የተወለደችው በዚሁ በ1943 ነው። ይኸ የእርስዋ ኃጢአት አይደለም፤ ሆኖም በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ሕፃን ተወልዶ ስንቱ አያትነትን ሳያይ እንደ ቀረ ለማሰብ መነሻ ይሆነናል።

በያልታ ጉባኤ ማግስት የተጓዡ መንገድ ከእኛም አገር መንገድ ጋር ተገናኝቷል። በፌብሩዋሪ 1945 አጋማሽ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በመጀመሪያ በስዊዝ ቦይ በምራራው ሐይቅ ላይ በቆመው የአሜሪካ የጦር መርከብ ከሩዝቬልት ጋር፣ ከዚያም በግብጽ ከቸርችል ጋር ተነጋግረዋል። በተጓዡ ማስታወሻ ውስጥ ይኸ ከንጉሥ ፋሩክና ከኢብን ሳዑድ ጋር ከተደረጉት ቃለ ምልልሶች መካከል የተጣበቀ አንድ ቀጠሮ ነው። ለኢትዮጵያ ግን በዚያን ጊዜ ኦጋዴንና ሐውድ ገና በእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ሥር ነበሩ፤ የ1944ቱ ስምምነትም ይኸንኑ እንዲቀጥል አድርጎት ነበር። ኦጋዴን በአብዛኛው የተመለሰው በ1948፣ ሐውድ ደግሞ በ1954 በተደረገው ስምምነት መሠረት ነው። ያው ቀጠሮ ለአንዱ ወገን የጉዞ ትዝታ፣ ለሌላው ወገን የዳር ድንበር ጥያቄ ነበር።

ሲሊያ በዐይንዋ ካየቻቸው ጉዞዎች መካከል ዝነኛው የ1959ኙ ነው። በጁላይ ወር የ16 ዓመት ልጃገረድ ሳለች ከአያትዋ፣ ከሴት አያትዋና ከእናትዋ ጋር በግሪካዊው የመርከብ ከበርቴ በአርስቶትል ኦናሲስ «ክርስቲና» በተባለችው የመዝናኛ መርከብ ላይ ተሳፈረች። ዘፋኟ ማርያ ካላስም ከባልዋ ጋር እዚያው ነበረች፤ የካላስና የኦናሲስ ፍቅር የተጀመረው በዚያ ጉዞ ላይ ነው ተብሎ ስንት ወረቀት ተሞልቷል። በዚያው በጁላይ ወር መጨረሻ በለንደን ፓርላማ እስከ እኩለ ሌሊት ያስመሸ ክርክር ተደርጓል። ጉዳዩ በመጋቢት 1959 በኬንያ በሆላ የእስረኞች ሠፈር በግዳጅ ሥራ እምቢ ያሉ 11 እስረኞች በዱላ ተደብድበው መገደላቸው ነበር። ባለሥልጣኖቹ በመጀመሪያ እስረኞቹ ውኃ ጠጥተው ሞቱ ብለው ነበር። ቸርችል በዚያን ጊዜ ሥልጣን ላይ አልነበረም፤ ሸምግሎ ነበር። በመርከቢቱ ላይ ስለ ሆላ ተወራ አልተወራም የሚለው ጉዳያችን አይደለም። ጉዳያችን የአንድ ዘመን ሁለት ገጾች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አለመገናኘታቸው ነው። ከሆላና ከሌሎቹ ሠፈሮች የተረፉት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጉዳያቸውን ለንደን ድረስ ወስደው በ2013 የብሪታንያ መንግሥት ለ5,228 ሰዎች 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ለመክፈል ተስማማ፤ መጸጸቱንም በፓርላማው ተናገረ።

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ብለው ይከራከሩናል፤ «ኩሊው አልጻፈም፤ አሽከሩ አልጻፈም፤ የልጅ ልጆቻቸውም የሚከተሉት ዱካ የላቸውም። ባልተጻፈ ነገር የጻፈውን ሰው ለምን ትወቅሱታላችሁ?» ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። ዱካ የላቸውም የሚለው ግን ስሕተት ነው። ለዚህ ምስክር የምንጠራው ሌላ የልጅ ልጅ በዚያው የባቡር ሐዲድ ላይ ተጉዟል።

ባራክ ኦባማ ከ2009 እስከ 2017 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከመሆኑ ብዙ ዓመት አስቀድሞ፣ ገና ማንም ሳያውቀው፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ የአባቱን አገር ለማየት ኬንያ ሄዶ ነበር። ከእኅቱ ጋር ከናይሮቢ ወደ ኪሱሙ የተጓዘው በሌሊት ባቡር፣ ቸርችል ፊቱ ላይ ተቀምጦ ባለፈው በዚያው መሥመር ነው። በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በባቡሩ መኝታ ላይ ሆኖ ስለ ሐዲዱ ሥራና ስለ መጀመሪያው ጉዞ ያሰበውን ጽፏል። ይኸን የሚያነብ ሰው ሐዲዱ ከሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል። አያቱ ሁሴን ኦንያንጎ ለእንግሊዞች በወጥ ቤት ሠራተኛነት የኖረ ሰው ነበር። ይኸን በምንልበት ጊዜ ኦባማ ከጊዜ በኋላ የያዘውን ሥልጣንና የሠራበትን ፖለቲካ እያወደስን አይደለም፤ ያ ለብቻው ሌላ ርእስ ነው። የምንናገረው መዛግብት የሌለው ቤተሰብ ልጅ አያቱን የት እንዳገኘው ነው።

ያገኘው በሴት አያቱ ቤት፣ በአንድ ትንሽ ደብተር ውስጥ ነው። በኬንያ ቅኝ ግዛት ውስጥ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ «ኪፓንዴ» የሚባል የመታወቂያ ወረቀት በቆርቆሮ መያዣ ውስጥ አድርጎ በአንገቱ ላይ እንዲያንጠለጥል ይገደድ ነበር። የቤት ሠራተኞች ደግሞ በ1928 በወጣ ሕግ ሌላ ደብተር ይዘው እንዲሄዱ ተደርገዋል። በደብተሩ ላይ የሠራተኛው ነገድ፣ ዕድሜ፣ ቁመት፣ የመልኩ ቀለም፣ የአፍንጫው ቅርጽ፣ የጐደሉት ጥርሶች ብዛትና ጠባሳው ተመዝግቧል፤ በገበያ ላይ እንደሚመረጥ በሬ ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ገጾች ለአሠሪዎች የተተዉ ናቸው። አሠሪው ሠራተኛውን ሲያሰናብት ስለ ጠባዩና ስለ ሥራው አንድ ሁለት መሥመር ጽፎ ይፈርማል፤ ያ ጽሑፍ ሰውየው ሌላ እንጀራ ማግኘቱንና ማጣቱን ይወስናል። በኦንያንጎ ደብተር ላይ አንዱ አሠሪ ትጋቱን አመስግኖ ፈርሟል፤ ሌላው በወር ለሚከፈለው ስድሳ ሽልንግ አይበቃም ብሎ ጽፎበታል።

ወጥ ቤት ሠራተኛው ስለ አሠሪዎቹ የሚጽፍበት ገጽ በዚያ ደብተር ውስጥ አልተዘጋጀለትም። መበለቲቱ ግን ደብተሩን አልጣለችም፤ ከደብዳቤዎች ጋር አድርጋ በሣጥን ውስጥ ለብዙ ዓመት ካቆየችው በኋላ አውጥታ ለልጅ ልጁ ሰጠችው፤ እርሱም በአያቱ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ገጽ በገጽ አነበበው።